ከእርሾ ፋብሪካ የወጣው ቀይ ባክቴሪያና የፍሳሽ ማጣሪያ ገበያ

አንድ ኪሎ ናይትሮጂን ከፍሳሽ ለማውጣት ይጠየቅ የነበረው ዋጋ እንዴት ወረደ? የመጀመሪያውን ጣጣስ ማን ተሸከመው?

ናይትሮጂን ሁለት ጊዜ ዋጋ የሚከፈልበት ሸቀጥ ነው። አንድ ጊዜ ሲገባ፣ ሌላ ጊዜ ሲወጣ። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚገዛ ሰው በትክክል የሚገዛው በውስጡ ያለውን 46 ኪሎ ናይትሮጂን ነው። ይኸው ናይትሮጂን በእህሉ፣ በወተቱና በሥጋው በኩል አልፎ፣ በመጨረሻ ከከተማው መጸዳጃ ቤትና ከፋብሪካው ቱቦ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ደግሞ ለማስወገድ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዋጋ ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጨረታ ይወጣበታል፣ መርከብ ይጫንበታል። ሁለተኛውን ዋጋ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአውሮፓ ይህ ሁለተኛው ዋጋ በተለመደው የማጣሪያ ዘዴ ለአንድ ኪሎ ናይትሮጂን ከ2 እስከ 5 ዩሮ እንደሚደርስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ የተመራማሪዎች ግምቶች ያሳዩ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚሁ ግምቶች በአዲሱ ዘዴ ዋጋው ወደ 75 የዩሮ ሳንቲም ሊወርድ እንደሚችል ተናገሩ። በአንድ ኪሎ ላይ እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት ሲታይ ማንኛውም ነጋዴ ጆሮውን ያቆማል። ቀጥሎም «ይኼ ነገር እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ እስካሁን ማን ከለከላቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የከለከላቸው አንድ ነገር ነው። ሥራውን የሚሠራው ባክቴሪያ ለመራባት አይቸኩልም።

ሦስቱ ሒሳቦች

ጉዳዩን ለመረዳት በመጀመሪያ የድሮውን ዘዴ ሒሳብ ማየት ይገባል። አሞኒያ እንደ ወረደ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ዓሣን ይመርዛል። በወንዙ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉትም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የተረፈው ናይትሮጂን ደግሞ በሐይቅና በባሕር ዳር ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1991 ባወጣው የከተማ ፍሳሽ መመሪያ፣ ጉዳት በሚያሰጋቸው የውኃ አካላት ላይ የሚለቁ ከ100 ሺህ ሕዝብ በላይ የሚያገለግሉ ጣቢያዎች ጠቅላላ ናይትሮጂናቸው በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚያገለግሉት ደግሞ ከ15 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገደብ አደረገ። በ2024 የወጣው ተተኪ መመሪያ ገደቡን ይበልጥ አጥብቆታል። ናይትሮጂን ማስወጣት ገበያ የሆነው በዚህ ዓይነት ሕግ ነው፤ ሕጉ ባይኖር ኖሮ ከፋይ አይኖርም ነበር።

የተለመደው ዘዴ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን በየተራ ያሠራል። የመጀመሪያዎቹ በአየር እየተረዱ አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ለአንድ ኪሎ ናይትሮጂን 4.57 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ይህም ቀንና ሌሊት የሚሠሩ የአየር መንፊያ ማሽኖችን ይጠይቃል። ሁለተኛዎቹ አየር በሌለበት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይለውጡትና ወደመጣበት አየር ይመልሱታል። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ በዚህ የሚጎዳ የለም። ሆኖም እነዚህ ሁለተኛዎቹ ምግብ ይፈልጋሉ። ፍሳሹ በቂ ምግብ ከሌለው ጣቢያው ሜታኖል ገዝቶ ያበላቸዋል፤ ለአንድ ኪሎ ናይትሮጂን ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ። ጠግበው የተራቡት ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ዝቃጭ ይሆናሉ፤ ዝቃጩም ይጨመቃል፣ ይጫናል፣ ይጣላል።

ስለዚህ ሒሳቦቹ ሦስት ናቸው፤ የመብራት፣ የሜታኖልና የዝቃጭ።

በላዩ ላይ የሚጨመር አንድ የቆየ በሽታም አለ። ትላልቅ ጣቢያዎች ዝቃጫቸውን አየር በሌለበት ጋን አብላልተው ባዮጋዝ ያወጡበታል። የተብላላው ዝቃጭ ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ወደ ጣቢያው ከሚገባው ፍሳሽ አንድ ከመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚይዘው ናይትሮጂን ግን ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይደርሳል። ይህ ውኃ በተለምዶ ተመልሶ ወደ ጣቢያው መግቢያ ይላካል። ያልተከፈለ ወለድ ከዋናው ዕዳ ጋር እየተደመረ እንደሚመለስ ማለት ነው። ሙቅና አሞኒያው የበዛ፣ ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ ግን ያነሰው ይህ ውኃ ለድሮው ዘዴ ከባድ ራስ ምታት ነበር። ለአዲሱ ዘዴ ግን ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ አልተገኘለትም።

በወረቀት ላይ የኖረው ባክቴሪያ

በ1977 ኤንገልበርት ብሮዳ የተባሉ ኦስትሪያዊ የኬሚስትሪ ምሁር አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የኬሚካል ኃይልን ሒሳብ ሠርተው፣ በተፈጥሮ ውስጥ መኖር የሚገባቸው ግን ማንም ያላያቸው ሁለት ዓይነት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ አሉ። ከሁለቱ አንዱ አሞኒያን ያለ ኦክስጅን እያቃጠለ የሚኖር ነው። በንግድ ቋንቋ ሲነገር፣ ብሮዳ ያዩት ትርፍ ያለበት ነገር ግን ማንም ያልገባበት ንግድ ነው። ትርፍ ባለበት ቦታ ነጋዴ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ኃይል በሚገኝበት ቦታ ሕይወት ያለው ነገር አይጠፋም የሚል ነበር ክርክራቸው።

ጽሑፉ ለዓመታት ብዙ ሰው ሳያንቀሳቅስ ቆየ። አሞኒያ ያለ ኦክስጅን አይነካም የሚለው በየመማሪያ መጽሐፉ የታተመ እምነት ነበርና።

የደልፍቱ እርሾ ፋብሪካ

ደልፍት በኔዘርላንድስ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ጊስት ብሮካደስ የተባለው ኩባንያ የዳቦ እርሾና ሌሎች በማብላላት የሚገኙ ምርቶችን ያመርት ነበር። የእርሾ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ናይትሮጂኑ ብዙ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ፍሳሹን ለማጣራት ባቋቋመው የሙከራ ጣቢያ ውስጥ አርኖልድ ሙልደር የተባሉ ባለሙያ ሒሳቡ አልገጥም አላቸው። አየር በማይገባበት ገንዳ ውስጥ አሞኒያ እየቀነሰ፣ በምትኩ የናይትሮጂን ጋዝ እየጨመረ ይወጣ ነበር። እንደ መጽሐፉ ቢሆን አሞኒያው ሳይነካ መውጣት ነበረበት።

ሌላ ሰው ቢሆን መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ያልፈው ይሆናል። ሙልደር ግን ጉድለቱን እንደ ጠንካራ ሒሳብ ሠራተኛ ተከታተሉት። አሞኒያው ሲጠፋ ናይትሬቱም አብሮ ሲጠፋ አዩ። የሁለቱ መጥፋት ተያያዥ መሆኑን አረጋገጡ። ኩባንያውም አልተኛም፤ ግኝቱን የሚመለከተው የአሜሪካ ፓተንት በ1992 ተሰጠ። የምርምር ጽሑፉ ለሕዝብ የቀረበው በ1995 ነው። ፓተንቱ ከጽሑፉ መቅደሙን ልብ ይሏል! ስሙንም አናሞክስ አሉት፤ አሞኒያን ያለ ኦክስጅን ማቃጠል የሚለውን የእንግሊዝኛ አገላለጽ አሳጥረው ማለት ነው።

ከፋብሪካው ጥቂት ርቀት ላይ የሚገኘው የደልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን ተቀበለ። በፕሮፌሰር ኼይስ ኩነን ዙሪያ የነበሩት ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ሥራው የኬሚካል ነው ወይስ የሕይወት የሚለውን ለዩ። ዝቃጩ በሙቀት ሲመክን ሥራው ቆመ፤ ስለዚህ ሠሪው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከዚያ ማርክ ስትራውስ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ባክቴሪያውን ለብቻው አጣርተው ለማውጣት ብዙ ደከሙ። በ1999 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ብሮዳ የተነበዩት ሕዋስ መገኘቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ከ22 ዓመት በኋላ የወረቀቱ ባክቴሪያ በአካል ቀረበ ማለት ነው።

ባክቴሪያው ብሮካዲያ የሚል ስም ተሰጠው፤ ለኩባንያው መታሰቢያ እንዲሆን። ኩባንያው ራሱ በ1998 በሌላው የኔዘርላንድስ ድርጅት በዲ.ኤስ.ኤም. ተጠቅሎ ስሙ ከገበያ ቀርቷል። በባክቴሪያው ላይ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ቀስ በቀስ የሚሄድ ሠራተኛ

ባክቴሪያው የሚሠራው በአጭሩ እንዲህ ነው። አሞኒያና ናይትራይት የተባለውን ሌላ የናይትሮጂን ውሁድ አንድ ላይ አጣምሮ ናይትሮጂን ጋዝ ያወጣል። ለአንድ እጅ አሞኒያ 1.3 እጅ ያህል ናይትራይት ይፈልጋል። ናይትራይቱን የሚያዘጋጁለት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ በጥቂት አየር ከአሞኒያው ግማሽ የሚያህለውን ይለውጡለታል። ቀሪውን ግማሽ እሱ ከተለወጠው ጋር ያጋባዋል። በመካከል የሚያመርተው ሃይድራዚን የተባለው ነገር ሰዎች ለሮኬት ነዳጅነት የሚጠቀሙበት መርዝ ነው። ባክቴሪያው ይህን መርዝ በሰውነቱ ውስጥ በተለየ ጠባብ ከረጢት ዘግቶ ይይዘዋል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ሙሉው አሞኒያ ሳይሆን ግማሹ ብቻ፣ ያውም እስከ ናይትሬት ሳይደርስ፣ በአየር ስለሚለወጥ የኦክስጅኑ ፍጆታ በኪሎ ከ4.57 ወደ 2 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ባክቴሪያው የሚበላው ከአየርና ከውኃ የሚያገኘውን ካርቦን ስለሆነ ሜታኖል አይገዛለትም። ጥቂት ብቻ ስለሚራባም ዝቃጩ በጣም ያንሳል። ሦስቱም ሒሳቦች በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ።

ይሁን እንጂ ዝቃጩን ያሳነሰው ጠባዩ ራሱ ትልቁ ችግሩ ነው። ተራ የአንጀት ባክቴሪያ በሚመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ይህኛው እጥፍ ለመሆን 11 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ከውኃው ጋር ጥቂት በጥቂት እየታጠበ ከሄደ ደግሞ የሚራባው የሚጠፋውን አይተካም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለላቦራቶሪ ይሠራ ይሆናል፤ የባንክ ብድር ይዞ ለሚጠብቅ ባለሀብት ግን እንቁላሉ እስኪሄድ ወለዱ ይሮጣል።

ከ10 ሊትር ወደ 70 ሺህ ሊትር

የመጀመሪያው ደፋር ደንበኛ የተገኘው በሮተርዳም ነው። የከተማዋ የዶክሃቨን ማጣሪያ ጣቢያ በቀድሞ የወደብ ገንዳ ውስጥ ከመሬት በታች የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ የሕዝብ መናፈሻ አለ። ጣቢያውን ማስፋት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ከዝቃጩ የሚወጣውን አሞኒያ የበዛበት ውኃ ለብቻው ማጣራት እንደ መፍትሔ ተወሰደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት የሚለውጥ ገንዳ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ አናሞክስ እንዲገባ ተወሰነ፤ ሪአክተሩን የሠራው ፓከስ የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል ከላቦራቶሪ ወደ መካከለኛ ሙከራ፣ ከመካከለኛው ሙከራ ወደ ትልቁ ነው። የሮተርዳሙ ሥራ መካከለኛውን ደረጃ ዘለለው። በላቦራቶሪ 10 ሊትር ከነበረው በቀጥታ ወደ 70 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ወደ 70 ሺህ ሊትር ተሸጋገረ። ሰባት ሺህ እጥፍ ነው። ምክንያቱ ጥጋብ አልነበረም። ባክቴሪያው በዚህ ፍጥነት የሚራባ ከሆነ መካከለኛው ሙከራ ራሱ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ትልቁ እንደገና ዓመታት ይፈጃል። አንዱን ጥበቃ ለማስቀረት ሲባል ሁለቱም አደጋዎች በአንድ ገንዳ ውስጥ ተጨመሩ።

ሪአክተሩ በ2002 ሥራ ጀመረ። በወረቀት ላይ ሲሰላ፣ በ11 ቀን እጥፍ የሚሆን ነገር ሰባት ሺህ እጥፍ ለመሆን 13 ጊዜ ያህል መታጠፍ ይበቃዋል፤ ይህም አምስት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው። በተግባር ግን እንደዚያ አልሆነም። ከፊት ያለው ገንዳ የሚልከው ናይትራይት ሲበዛ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል፤ ሲያንስ ደግሞ ይርበዋል። የተሠራው ሁሉ በአንድ ጥፋት ወደኋላ ይመለሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የተዘለለው የሙከራ ዘመን በትልቁ ገንዳ ላይ ተከፈለ። ሁለት ዓመት ይፈጃል ተብሎ የታሰበው የማስጀመሪያ ጊዜ ሦስት ዓመት ተኩል ወሰደ።

ለባለቤቶቹ ከሁሉ የከፋው ጊዜ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ገንዳው ተሠርቷል፣ ውኃው ይገባል፣ ይወጣል፤ በተለመደው የኬሚካል መለኪያ ሲታይ ግን ባክቴሪያው መሥራቱን የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም። ሱቅ ከፍቶ ለወራት ደንበኛ ሳይገባ እንደ መቀመጥ ያለ ነው። ይዘጋ ወይስ ይቀጥል?

መልስ የሰጣቸው የባክቴሪያውን ዘር የሚቆጥር ምርመራ ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ስሙ በየቤቱ የታወቀው ፒ.ሲ.አር. ማለት ነው። ምርመራው ለዓይንና ለኬሚካል መለኪያ የማይታየውን አሳየ። ባክቴሪያው በገንዳው ውስጥ አለ፣ በየ10 ወይም በየ12 ቀኑም እጥፍ እየሆነ ነው። በካዝናው ውስጥ ገና ሳንቲም አልገባም፤ መዝገቡ ግን ዕድገት ያሳያል። ጠበቁ። ውሎ አድሮ የገንዳው ዝቃጭ ወደ ቀይ እንክብል ተለወጠ፤ ቀይ ቀለሙ የዚህ ባክቴሪያ መታወቂያ ነው። ሪአክተሩም በቀን እስከ 750 ኪሎ ናይትሮጂን ማስወገድ ቻለ።

በመግቢያው የተጠቀሰውን ግምት በዚህ መጠን ላይ ማስላት ይቻላል። በተለመደው ዘዴ 750 ኪሎ ለማስወገድ በቀን ከ1,500 እስከ 3,750 ዩሮ ይጠይቃል። በአዲሱ ዘዴ 563 ዩሮ ገደማ ነው። ልዩነቱ በዓመት ዝቅተኛው 342 ሺህ ዩሮ፣ ከፍተኛው 1.16 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ይሆናል። እርግጥ ይህ የዚያ ዘመን ግምት እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደለም፤ መብራትና ሜታኖል በተወደዱ ቁጥር ግን ልዩነቱ እየሰፋ እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

እርሾው ራሱ ሸቀጥ ሲሆን

ከሮተርዳም የተገኘው ትርፍ ከመብራት ሒሳብ መቀነስ ብቻ አይደለም። ማንም የአገራችን ባልትና አዋቂ እንደሚያውቀው፣ ሊጥ ያለ እርሾ ከተቦካ ጊዜ ይፈጃል፤ ከጎረቤት እርሾ የተገኘ እንደሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። ከሮተርዳም በፊት በዓለም ላይ በቶን የሚሰፈር የአናሞክስ እርሾ የትም አልነበረም። ከሮተርዳም በኋላ ግን ነበረ። ቀጣዩ ሪአክተር የሚጀመረው ከዜሮ ሳይሆን ከቀዩ እንክብል ነው፤ የማስጀመሪያውም ጊዜ ከሦስት ዓመት ተኩል ወደ ወራት ወረደ። ትርፍ እንክብል ያለው ጣቢያ ለሌላው የሚያቀርበው ነገር አገኘ። ያለቀለት ፓተንት ማንም ሊያነበው ይችላል፤ የፈላውን እርሾ ግን ካለው ሰው ካላገኙት በቀር በወረቀት አይገለበጥም። በዚህ ንግድ ቀድሞ የገባ ሰው የሚይዘው እውነተኛ ካፒታል ይህ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ገበያው ተንቀሳቀሰ። በኔዘርላንድስ ሊክተንቮርደ በተባለች ከተማ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ኦልበርገን በተባለ ቦታ ለድንች ማቀነባበሪያ ፍሳሽ፣ በጃፓን ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ፍሳሽ ተተከለ። በኦስትሪያ የሽትራስ ጣቢያ ከ2004 ጀምሮ ሁለቱን ዓይነት ባክቴሪያዎች በአንድ ገንዳ የሚያሠራ ሌላ መንገድ ተከተለ። አየሩን እየከፈቱና እየዘጉ ሁለቱን በየተራ ማሠራት ማለት ነው። ቻይና እንደ ልማዷ መጠኑን አሳደገችው። በ2009 በቶንግሊያዎ ከተማ የምግብ ማጣፈጫ ግሉታሜት ለሚያመርት ፋብሪካ በቀን 11 ቶን ናይትሮጂን እንዲያስወግድ የታቀደ ሪአክተር ተሠራ፤ ከሮተርዳሙ 15 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በ2014 የወጣ ቅኝት በዓለም ዙሪያ ከ100 በላይ ሙሉ ጣቢያዎች መኖራቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ ሦስት አራተኛው የከተማ ዝቃጭ ውኃ የሚያጣሩ ናቸው። ከደልፍት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ማርክ ፋን ሎስድረክትም በ2018 የስቶክሆልም የውኃ ሽልማትን ከአሜሪካዊው ብሩስ ሪትማን ጋር ተካፍለዋል።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ

ይህ ሁሉ ሲባል ዘዴው ያለ እንከን ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ ከገባው ናይትሮጂን 11 ከመቶ ያህሉ ናይትሬት ሆኖ ስለሚወጣ ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። ሁለተኛ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው ይሰንፋል፤ ከዝቃጭ ጋን የሚወጣው ሙቅ ውኃ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በቀዝቃዛው ዋና የከተማ ፍሳሽ ላይ ማሠራት ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያታገለ ፈተና ነው። ሦስተኛ፣ ፍሳሹ ያልተበላ ምግብ ከበዛበት ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይወስዱበታል፤ ስለዚህ ከፊቱ ሌላ ማጣሪያ መቅደም አለበት። አራተኛ፣ አየሩ በአግባቡ ካልተመጠነ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። የዚህ ጋዝ አንዱ ኪሎ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 ኪሎ ጋር እኩል ነው። በመብራት የተቆጠበው በአየር ንብረት ሒሳብ እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያሻዋል።

አምስተኛውና ለባለሀብት ዋነኛው፣ ይህ መሣሪያ ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ቁልፉ ተቆልፎበት የሚኬድ ማሽን አይደለም። ከብት እንደ ማርባት ነው። ጠባቂው ለአንድ ሌሊት ቢተኛ የሞተውን ለመተካት ወራት ይፈጃል። ርካሽ የሆነው ኪሎ ናይትሮጂን ርካሽ የሚሆነው ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ባለሙያና የማይቋረጥ መለኪያ ሲኖር ነው።

በእኛ አገር ሒሳብ

የሊክተንቮርደ ፍሳሽ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ መሆኑ በአዲስ አበባና በሞጆ ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቆዳ ሲለፋ ኖራውን ለማስለቀቅ በሰፊው የሚገባው አሞኒየም ሰልፌት፣ ከቆዳው ራሱ ከሚሟሟው ፕሮቲን ጋር ተደምሮ ፍሳሹን አሞኒያ ያበዛበታል። የሞጆ ወንዝም አዋሽም ወደ ቆቃ ይገባሉ። የቆቃን ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ያየ ሰው ናይትሮጂን ከሌላው ማዳበሪያ ጋር ሲደመር ምን እንደሚያደርግ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ክሮሙ፣ ሰልፋይዱና ሌላው ቆሻሻ ሳይወጣ በፊት አናሞክስ ይተከል ማለት፣ መሠረቱ ሳይወጣ ጣሪያ መግዛት ነው።

በአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ሲታደስ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራው አየር በሌለበት የሚያብላሉ ገንዳዎች ከፊት እንዲቀድሙ ተደርጎ ነው። አየር በሌለበት ማብላላት ቆሻሻውን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ አሞኒያውን ግን አይነካውም። እንዲህ ካለ ገንዳ የሚወጣ ውኃ ምግቡ ያነሰ፣ አሞኒያው የቀረበት ነው። በድሮው ዘዴ ናይትሮጂኑን እስከ መጨረሻ ማውጣት ቢፈለግ ሜታኖል መግዛት የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለ ውኃ ነው፤ ሜታኖል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው።

ሌላም የማይታይ ሒሳብ አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃም በዚያው ልክ ያነሰ ኦክስጅን ይቀበላል። በሮተርዳም አንድ ማሽን የሚያስገባውን ኦክስጅን እዚህ ለማስገባት ተጨማሪ አየር መንፋት፣ ተጨማሪ መብራት መክፈል የግድ ነው። አየር በግማሽ የሚቀንስ ዘዴ በደጋ አገር ከቆላ አገር ይልቅ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ግን በሌላ ወገን ይጎዳዋል። ስለዚህ እዚህም ቢሆን መጀመሪያ የሚታሰበው ሙቁ የዝቃጭ ውኃና ሙቅ ሆኖ የሚወጣው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው።

ለማንኛውም የሮተርዳሙ ታሪክ ለገበያ ሰው የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ግኝቱን ያገኘው የፋብሪካው ሰው የጎደለውን ሒሳብ ዝም ብሎ ባለማለፉ ነው። ጣቢያውን ያዳነው ደግሞ ትርፉ ሳይታይ ዕድገቱን መቁጠር የቻለ መሣሪያ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል የጠበቀው የመጀመሪያው ደንበኛ ብዙ ከፈለ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት የእሱን እርሾ ወስደው በወራት አቦኩ። ኋላ የገባ ሰው በዚህ ንግድ አይጎዳም። የሚጎዳው እርሾው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠብቀው ሳይጠይቅ ገንዳውን ብቻ የገዛ ነው።